የቀሪ ቃል

ፈንታነሽ አለሙ ሰው ስትሸኝ አትናገርም ነበር። እንግዳዋን ከቤት እስከ በር፣ ከበር እስከ መንገድ፣ ከመንገድ እስከ መናኸሪያ ትከተለዋለች፤ ስንቁን ትይዝለታለች፣ የኮቱን አዝራር ትቆልፍለታለች። ሄያጁ «ደህና ሁኚ» ሲላት ግን ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ዝም ነው። ቀሪ ለሄያጅ የሚለውን፣ ሕፃን ልጅ እንኳ የሚያውቀውን «በደህና ግባ» ከአፏ የሰማ ጎረቤት አልነበረም።

ተከራይዋ ሆኜ ደብረ ታቦር ውስጥ ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ኖሬያለሁ። በ1979 ዓ.ም. መጀመሪያ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ እዚያ አስተማሪ ሆኜ ስመደብ ግቢዋ ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል አከራየችኝ። ለገና ወደ ወላጆቼ ስሄድ በዝምታዋ ተቀየምኩ፤ ስመለስ ለእሸቴ ነገርኩት። እሸቴ በከተማው የልብስ ስፌት ማኅበር ጨርቅ ቆራጭ፣ የእሷም የረጅም ዘመን ወዳጅ ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ እንኳ ሰው የሚያስቅ ቀልደኛ ነበር። ያን ዕለት ግን መቀሱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ፣ «እሷ ያንን ቃል የምትለውን ያህል ብላዋለች። ሁለተኛ እንድትለው አትጠብቅ» አለኝ። የቀረውን ጥቂቱን ከእሱ፣ አብዛኛውን ከራሷ፣ ቀስ በቀስ ሰማሁ። ዛሬ ሁለቱም በሕይወት የሉም።

ፈንታነሽ የተወለደችው ከአንበሳሜ ወረድ ብሎ ካለ መንደር ነው። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ተዳረች፤ በአሥራ አምስት ዓመቷ አንድ ማለዳ ከባሏ ቤት ጠፍታ በእግሯ ደብረ ታቦር ገባች። አክስቷ ዘንድ ተጠግታ ስትኖር ከአንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ መጀመሪያ አዝራር መትከል፣ ቀጥሎ ጠርዝ መልቀም፣ በኋላም መኪናውን በእግሯ መርገጥ ተማረች። ሽማግሌው ሲሞቱ መኪናውን ለእሷ ተናዘዙላት። አብዮቱ መጥቶ ልብስ ሰፊዎች ሁሉ በማኅበር ሲደራጁ መኪናዋን አሸክማ ገባች። ሰውን የምታስታውሰው በመልኩ ሳይሆን በልኩ ነው። «ያ ትከሻው አርባ አራት የሆነው ሰውዬ» ትላለች፤ «ያቺ ወገቧ ስድሳ የማይሞላው።» ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም። ስታስቀድስ ብቻ አጥፋ ኪሷ ትከተዋለች።

ቀለመወርቅ ትከሻው አርባ ሁለት ነበር። በማኅበሩ ልብስ ተኳሽ ነው። በልጅነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ፣ ድቁና ተቀብሎ ነበር፤ አባቱ ሲሞቱ እናቱን ሊጦር ትምህርቱን ትቶ መጣ። የከሰል ካውያውን በጨርቁ ላይ እየገፋ ዳዊት ይደግማል። እሸቴ «ቀስ በል ዲያቆን፣ ሱሪው ይመንንብሃል» እያለ ያበሽቀዋል። እናቱ ወይዘሮ እመቤቴ ከኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ግርጌ፣ ደጃፉ ወደ ጠባብ መንገድ በሚከፈት ቤት ይኖሩ ነበር። ከእሱ ሌላ ልጅ የላቸውም።

በ1978 ዓ.ም. ማኅበሩ የተማሪዎችን የደንብ ልብስ በጊዜው ሰፍቶ በማስረከቡ ምስጉን ተባለ። ሽልማቱ ከማኅበሩ ሦስት ሰዎች፣ ከየክፍለ ሀገሩ ከተመረጡ ሌሎች ሠራተኞች ጋር፣ ቡልጋሪያ በሚባል ወዳጅ አገር ባሕር ዳርቻ ሦስት ሳምንት እንዲያርፉ ነው። ሦስቱ ወዳጆች ተመረጡ። ወደ ውጭ የሚሄድ ሰው ዋስ መጥራት ነበረበትና እርስ በርሳቸው ተፈራረሙ፤ ፈንታነሽ ለቀለመወርቅ፣ ቀለመወርቅ ለእሸቴ፣ እሸቴ ለፈንታነሽ። ከአንድ ጣቃ ግራጫ ጨርቅ ለወንዶቹ ሙሉ ልብስ፣ ለራሷ ጉርድና ኮት ሰፋች።

ወይዘሮ እመቤቴ ሊመርቋቸው መጡ። ለእሳቸው ባሕር ማለት ጣና ነው። አንድ ጊዜ በታንኳ ተሻግረው ገዳም ሲሳለሙ፣ በጉዞው መካከል ጎንበስ ብለው ከባሕሩ በእፍኛቸው ጠጥተዋል።

«ባሕር ካለማ ውሃ አይጠማችሁም» ብለው ተጽናኑ።

«ይኼኛው እኮ ጥቁር ባሕር ነው የሚባለው እማዬ» አላቸው ልጃቸው።

«ጥቁር? በስመ አብ! ስሙን ሲያወጡለት ቄስ አልነበረም?»

ጥቁር አልነበረም። ጠዋት አመድማ፣ ቀትር ላይ ሰማያዊ፣ ሲመሽ እንደ ብረት ነው። ያስደነገጣቸው ማዶ የሌለው መሆኑ ነው። ጣና ላይ ደሴት አለ፣ ከወዲያ ተራራ ይታያል። እዚህ ግን ዓይን ሄዶ ሄዶ የሚያርፍበት ያጣል። በደረሱበት ቀን ቀለመወርቅ ጫማውን አውልቆ አማተበና፣ ጎንበስ ብሎ በእፍኙ ጨልፎ ጎነጨ። ወዲያው ተፋው።

«ምን ሆንክ?» አለችው ፈንታነሽ።

«ጨው ነው!»

«ምኑ?»

«ባሕሩ! ባሕሩ ጨው ነው!»

እሸቴ ጣቱን ነክሮ ቀመሰ። «አቤት አቤት! ይኼን ሁሉ ወጥ ያበላሸው ማነው?» አለ።

ሦስቱም አሸዋው ላይ ተቀምጠው እስኪያለቅሱ ሳቁ። ያነበበ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ለእነሱ ግን ባሕር የሚጠጣ ነገር ነበር፣ ሌላ ዓይነት መኖሩን የነገራቸው የለም።

«እማዬ ብነግራት አታምነኝም» አለ ቀለመወርቅ ሳቁ ሲበርድለት። «ካልቀመሰች አታምንም።» በምሳ ሰዓት ያገኘውን አንድ አረንጓዴ የሎሚ መጠጥ ጠርሙስ ከነክዳኑ አጥቦ የክፍሉ መስኮት ላይ አስቀመጠው።

«ለምን አሁኑኑ አትሞላውም?» አለችው።

«ሲሰነብት ይሸታል። በመጨረሻው ቀን እሞላዋለሁ፤ ትኩሱን ነው የማቀምሳት።»

ደስ የሚል ሦስት ሳምንት ነበር። እሸቴ የአገሩን ጭፈራ ለምዶ ከሰልፉ ፊት ይገባ ጀመር። ፈንታነሽ የማረፊያ ቤቱን አሮጊት ወጥ ሠሪ ቀሚስ አጥብባ ሰፋችላቸው፤ ሁለቱ በእጅ ምልክት ብቻ ስለ ባል፣ ስለ ወገብ ሕመምና ስለ ክር ሲያወሩ ይውላሉ። ያልለመዱት አንድ ነገር ድምፁን ነው። የደጋ ሰው አገር ጭጭ ሲል ነው እንቅልፍ የሚወስደው። ባሕሩ ግን ዝም አይልም።

ቀለመወርቅ በየማለዳው ጫማውን በእጁ አንጠልጥሎ ውሃው ዳር ይቆማል።

«ምን ትሠራለህ?» አለችው አንድ ቀን።

«እሰማለሁ። ከሩቅ የሚሰማ ማኅሌት ይመስላል። ዜማው አለ፣ ቃሉ ነው የማይለየኝ።»

«ቃሉማ ግልጽ ነው፤ ‹ጨው በዛብኝ› እያለ ነው የሚያለቅሰው» አለ እሸቴ።

ሊመለሱ ሁለት ቀን ሲቀራቸው ቀለመወርቅ ቁርስ ላይ ዘግይቶ መጣ። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል።

«ዛሬ አንድ ቃል ለየሁ» አለ።

«እህሳ፣ ምን አለህ?» አለው እሸቴ።

ቀለመወርቅ ዳቦውን መቁረስ ጀመረ። ፈንታነሽ ያን ፊቱን እስከ ዕለተ ሞቷ አልረሳችውም። ዓይኑ ወደ መስኮቱ ነበር። ስሙ ተጠርቶ ተነስቶ ለመቆም የሚዘጋጅ ተማሪ ይመስል ነበር አለችኝ።

የስንብቱ ቀን ሐምሌ 20 ነው። ጭጋግ ወርዶ ባሕሩ አይታይም፤ ድምፁ ብቻ ነው ያለው። «የደብረ ታቦር ጭጋግ ሊቀበለን መጣ» አለች ፈንታነሽ። ሁለት አውቶቡስ ቆሟል፣ ሻንጣው ሁሉ በሁለተኛው ተጭኗል። የማረፊያ ቤቱ ሰዎች ደረጃው ላይ ወጥተው እያቀፉ ይሰናበታሉ። አሮጊቷ ወጥ ሠሪ እንባቸው እየወረደ በእጃቸው በማንቆርቆሪያ ውሃ ይዘው ነበር። እነ ፈንታነሽ ደረጃውን እንደወረዱ ውሃውን ከኋላቸው ቸለሱት።

ፈንታነሽ ደንግጣ ዞረች።

«እንደ ድመት በውሃ አባረሩን እኮ!» አለ እሸቴ።

አስተርጓሚው ሳቀ። «ልማዳቸው ነው። መንገዳችሁ እንደ ውሃ ይፍሰስ ማለታቸው ነው።»

ቀለመወርቅ ከውሃው ወዲያ፣ ከደረጃው አናት ላይ፣ ከሚሸኙት ሰዎች ጎን ቆሟል። ግራጫ ልብሱን ለብሷል። የኮቱ ቀኝ ኪስ አብጦ ትከሻውን ወደ ታች ስቦበታል። ልብስ ሰፊ ናትና መጀመሪያ ያየችው እሱን ነው።

«ኪስህን ምን ጠቀጠቅክበት? ኮቱን ታበላሸዋለህ! ና ውረድ እንጂ!»

«እናንተ ሂዱ። እኔ በሁለተኛው እመጣለሁ።»

«ቶሎ በል እሺ።»

እጁን አነሳ። «በደህና ግቡ» አላቸው።

እሸቴ «አንተስ የት ልትቀር ነው?» ብሎ እየሳቀ ወደ አውቶቡሱ ወጣ። የፈንታነሽ እግር ግን ቆመ። በእኛ አገር ሄያጅ «ደህና ሁኑ» ይላል፤ «በደህና ግቡ» የሚለው ቀሪ ነው። አብሮ የሚጓዝ ሰው ለጓደኛው ከሁለቱ አንዱንም አይልም። እንቅልፍ የጣለው ሰው እንኳ ይህን አይሳሳትም፤ ያውም ቃል መዝኖ የሚናገር ዲያቆን። ልትመልስለት አፏን ከፈተች፤ ምን እንደሚባል ጠፋት። ዝም ብላ ተሳፈረች። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮት ብታይ ደረጃው በጭጋግ ተሸፍኗል።

ሊቀር ነው ብላ አሰበች። ሊኮበልል ነው። በዚያ ዘመን ወጥቶ አለመመለስ ክህደት ነበር፣ ዋሱም የሚጠየቅበት። ዋሱ ደግሞ እሷ ናት። ለቡድኑ መሪ መናገር ነበረባት፤ አልተናገረችም። ለምን እንዳልተናገረች ጠይቄያት ነበር። «ከባሌ ቤት ስጠፋ ወንዝ ዳር ውሃ የምትቀዳ ሴት አይታኝ ነበር» አለችኝ። «ታውቀኛለች። እንስራዋን አዝላ ፊቷን አዞረችልኝ። እኔም ለአንድ ሰው ፊቴን ማዞር ነበረብኝ።»

አውሮፕላን ማረፊያ ሲደርሱ ሁለተኛው አውቶቡስም መጣ። የቡድኑ መሪ ቆጠሩ፤ ከሃያው ሰው አንድ ጎደለ።

«ቀለመወርቅ የት አለ?»

«ከአውቶቡስ ሲወርድ አይቼዋለሁ፣ ጓድ» አለች ፈንታነሽ። «ሆዱን አሞታል፣ መጸዳጃ ቤት ነው።»

መጸዳጃ ቤቱን ፈተሹ፤ አዳራሹን ፈተሹ፤ የታክሲ ሾፌሮችን ጠየቁ። እዚህ ድረስ መጥቷል ተብሏልና ወደ ማረፊያ ቤቱ፣ ወደ ባሕሩ ዳር ተመልሶ ለመፈለግ ያሰበ አልነበረም። አውሮፕላኑ ተነሳ። ፈንታነሽ ቁልቁል እያየች በሆዷ «እግዜር ይከተልህ» አለች። ደስ ብሏት ነበር። በኋላ ከሁሉ የከበዳት ያ ደስታዋ ነው።

አዲስ አበባ ላይ እሷና እሸቴ አሥር ቀን ተመረመሩ። በመጨረሻ «ከድቶ ቀርቷል» የሚል ወረቀት ላይ ፈርመው፣ ጉዳያቸው ገና እንደሚታይ ተነግሯቸው ተለቀቁ። ነሐሴ 5 ደብረ ታቦር ገቡ። ፈንታነሽ ልብሷን ሳትለውጥ ወደ ወይዘሮ እመቤቴ ቤት ሄደች።

«ልጄስ?» አሉ።

«ቀርቷል እማማ። ደህና ነው፣ እዚያው ቀርቷል።»

ወይዘሮ እመቤቴ ትኩር ብለው አዩዋት። «ቀርቷል? ታዲያ የመጣው ማነው?»

ፍልሰታ የገባ ዕለት ነው አሉ። እግራቸውን አሟቸው ከቅዳሴ ቀርተዋል። ሰዉ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሆኖ መንደሩ ጭር ብሏል። ቀትር ላይ፣ በጭጋጉ ውስጥ፣ አንድ ሰው ደጃፋቸው ላይ ቆመ። ግራጫ ልብስ ለብሷል። ጫማው በእጁ ነው። «ግባ እንጂ» አሉት፤ አልገባም። ከመደባቸው ተነስተው እስኪደርሱ የለም። ደጃፉ ግን ርሷል።

«ዝናብ ነው እማማ። ነሐሴ አይደል?»

«ጣራዬ ሳይረጥብ ደጃፌን ብቻ የሚያርስ ዝናብ አለ?»

የናፍቆት ነገር ነው ብላ አጽናንታቸው ወጣች። ግራጫ ልብሱን ሲሄድ ለብሶት አይተውታል፤ ጫማውን በእጁ የያዘው ነገር ግን እሷን ብቻ ሳይሆን እሸቴንም እንቅልፍ ነሳው። ባሕር ዳር እንዴት ይቆም እንደነበር ለእናቱ የነገራቸው ሰው አልነበረም።

ነሐሴ 17 ፈንታነሽ ወደ አንድ ቢሮ ተጠራች። የቀለመወርቅ ሻንጣ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል። አንድ ሰውዬ ዕቃውን እያወጣ ያስጻፋል፤ ሁለት ሸሚዝ፣ መላጫ፣ ለእናቱ የገዛው አበባ ያለበት ሻሽ፣ ማኅደሩ ያረጀ ዳዊት።

«የእሱ መሆኑን ታረጋግጫለሽ?»

«አዎ።»

«የጎደለ አለ?»

አየች። ጠርሙሱ የለም።

ያ ያበጠ ኪስ፣ ያ ወደ ታች የተሳበ ትከሻ ዓይኗ ላይ መጣ። በመጨረሻው ቀን እሞላዋለሁ ብሎ ነበር። የሚኮበልል ሰው ለእናቱ የሚቀመስ ውሃ ሊሞላ አይሄድም። ዳዊቱንም ጥሎ አይኮበልልም። በዚያ ጭጋግ ውስጥ፣ ዋና የማያውቅ የደጋ ሰው፣ ጫማውን በእጁ ይዞ ወደማይታይ ውሃ ወርዷል።

«የጎደለ አለ ወይ?» አላት ሰውዬው ደግሞ።

«የለም» አለች።

አለ ብትል፣ አውሮፕላን ማረፊያ አየሁት ያለችው ውሸት መሆኑ ይወጣል፤ የሚከተለው እስር ነው። ግን ያንገበገባት እስሩ አልነበረም። ያኔ ዝም ባትልና ባትዋሽ ኖሮ ተመልሰው ይፈልጉት ነበር።

ነሐሴ 20 ጠዋት ወይዘሮ እመቤቴ ምርኩዛቸውን ይዘው ማኅበሩ ድረስ መጡ። እሸቴ ጨርቅ እየቆረጠ ነበር፤ ፈንታነሽ መኪናዋ ላይ ናት።

«ትናንት ቀትር ደግሞ መጣ» አሉ። «እንደ በፊቱ ቆመ፤ አልገባም። ሲሄድ ደጃፌ ላይ ውሃ ተወ። እጄን ነክሬ ቀመስኩት።»

«ምን ብለው ቀመሱት እማማ!» አለ እሸቴ።

«ልጄ ያመጣውን አልቀምስም? ፈንትዬ፣ ጨው ጨው ይላል። ጨው የሚል ውሃ የት አገር ነው ያለው?»

እሸቴ መቀሱን ጨርቁ ውስጥ እንደያዘ ቀረ። እናትየው ዛሬም ባሕር የሚያውቁት ጣናን ነው።

«ለአባ ገብረየሱስ ነገርኳቸው» ብለው ቀጠሉ ወይዘሮ እመቤቴ። አባ ገብረየሱስ ነፍስ አባታቸው ናቸው። «በሕይወት ላለ ሰው ፍትሐት አይደረግም አሉኝ። የሞተ ከሆነ ደግሞ ሳይፈታ እንዴት ይቀራል? ልጄ ከሁለቱ የቱ ነው? ልጠብቀው ወይስ ላልቅስለት? መጨረሻ ያየሽው አንቺ ነሽ።»

«እኔ… አላውቅም እማማ» አለች።

እሳቸው ከወጡ በኋላ ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ጭኗ ላይ ዘረጋችው። በአውራ ጣቷ አንድን ያዘች፤ ሐምሌ 20። ቀን በቀን ጣቷን እየገፋች ሄደች። ፍልሰታ የገባበት ነሐሴ 1 አሥራ ሁለት ላይ ዋለ። ትናንት፣ ነሐሴ 19፣ ሠላሳ ላይ። አሥራ ሁለት ቀንና ሠላሳ ቀን፤ ለሞተ ሰው የሚታሰበው ቀን ነው። እናትየው ከልጃቸው ጋር የተለያዩበትን ቀን ለማንም አልጠየቁም፣ ማንም አልነገራቸውም። ፈንታነሽ ጣቷን እስከ አርባ ገፋች። ነሐሴ 29።

እስከዚያ ድረስ ስትሰፋ ክሩ ይበጠስባት ነበር። የልጆች ደንብ ልብስ እጀታ ሁለቱንም ግራ አድርጋ ሰፋች። እሸቴ አንዱን አንስቶ አየና ሳይቀልድ ስፌቱን ፈታላት።

ነሐሴ 29 ሐሙስ ነበር። ከቀትር በፊት ወይዘሮ እመቤቴ ቤት ገብታ እግራቸው ሥር ተቀመጠች። ሁሉንም ተናገረች፤ የባሕሩን ጨው መሆን፣ ጠርሙሱን፣ ጭጋጉን፣ ፊቷን ማዞሯን፣ አውሮፕላን ማረፊያ የዋሸችውን። ይሰድቡኛል፣ ይረግሙኛል ብላ ጠብቃ ነበር። ወይዘሮ እመቤቴ ግን ያላሰበችውን ጠየቋት።

«ስትለያዩ ምን አለ?»

«‹በደህና ግቡ› አለን።»

«አንቺስ ምን አልሽው?»

«ምንም።»

«ምንም?»

«ምን እንደሚባል ጠፋኝ። ዝም ብዬ ተሳፈርኩ።»

«ታዲያ ምን ብሎ ይሂድ?» አሉ ወይዘሮ እመቤቴ። «እሱ አሰናበታችሁ። እሱን ግን ያሰናበተው ሰው የለም። ሄያጅ ይሁን ቀሪ ሳይለይለት እኮ ነው የሚመላለሰው ልጄ።»

ይህን ሲሉ ቤቱ ጨለም አለ። ጭጋጉ ከደጅ ወደ ውስጥ የገባ መሰላት። ቀና ስትል ደጃፉ ላይ ሰው ቆሟል። ፊቱን ማየት አልደፈረችም፤ ዓይኗን ከታች ጀመረች። ባዶ እግር። የግራጫ ሱሪ ጫፍ። የሱሪው ጠርዝ በእጅ የተለቀመ ነው፤ እጇን ታውቀዋለች፣ ቸኩላ ያዛነፈቻት አንዲት ስፌት እንኳ በቦታዋ ነበረች። ከጠርዙ ውሃ ጠብ ይላል። የኮቱ ቀኝ ኪስ አብጧል። ትከሻው አርባ ሁለት ነው፤ ሜትር አላስፈለጋትም።

ከደጅ ዶሮ እንኳ አይሰማም። የሚሰማው ሌላ ነው፤ ከሩቅ፣ እንደ ማኅሌት ከፍ ዝቅ የሚል፣ ቃሉ የማይለይ።

ወይዘሮ እመቤቴ ትከሻዋን ነካ አደረጉ። «በይው» አሏት በሹክሹክታ።

«በደህና ግባ» አለች ፈንታነሽ።

«በደህና ግባ ልጄ» አሉ እናቱ።

ለጥቂት ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ የሩቁ ድምፅ ቀጥ አለ። ጭጋጉ ቀስ እያለ ከደጃፉ ሳሳ፤ ከመንገዱ ማዶ ያለው አጥር ታየ፣ በአጥሩ ላይ የተሰጣ የሰው ነጠላ ታየ። ፈንታነሽ ተንበርክካ እስከ ደጃፉ ሄደች። ድንጋዩ ላይ በእፍኝ የሚሞላ ውሃ ተጠራቅሟል። ጣቷን ነክራ ቀመሰችው። አሸዋው ላይ ተቀምጠው እስኪያለቅሱ የሳቁበት ያው ጨው ነበር።

«ሂጂና አባን ጥሪልኝ» አሉ ወይዘሮ እመቤቴ፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ማልቀስ የጀመሩት ያኔ ነው።

አባ ገብረየሱስ ቆመው ሰሟት፤ ድንጋዩንም አዩት። ሌላ አልጠየቁም። ያን ዕለት ፍትሐቱ ተደረገ፣ እሑድ ንፍሮ ተቀቅሎ ጎረቤት ተጠራ። ወሬው ወዲያው ቀበሌ ደረሰ። ለከዳ ሰው ተዝካር ማውጣት ቀላል ነገር አልነበረም። ሁለት ሰዎች ደብተር ይዘው ሲመጡ ፈንታነሽ ለለቀስተኛው ውሃ እየቀዳች ነበር።

«መሞቱን ማን ነገረዎት?» አሏቸው ወይዘሮ እመቤቴን።

ፈንታነሽ ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። ልትናገር ነበር። ወይዘሮ እመቤቴ ቀደሟት።

«ራሱ ነገረኝ።»

«ራሱ ማን?»

«ልጄ ነዋ።»

«በደብዳቤ?»

«የምን ደብዳቤ! ሐሙስ ቀትር ላይ መጥቶ። እዚች፣ አሁን አንተ የቆምክባት ላይ ቆሞ።»

ሰውዬው ሳያውቅ እግሩን አነሳ። ተያዩና ደብተራቸውን አጠፉ። «አርጅተዋል» ብለው እንደ ጻፉ ኋላ ተሰማ። ወይዘሮ እመቤቴ ከዚያ ስድስት ዓመት ኖረዋል፤ አንድ ቀንም አልጃጁም፣ የፈንታነሽንም ስም ለማንም አልተነፈሱም። ደጃፋቸው ከዚያ ወዲያ የረጠበው በዝናብ ብቻ ነው።

እኔ በ1982 ዓ.ም. የካቲት ላይ ወደ ሌላ ከተማ ተዛወርኩ። ፈንታነሽና እሸቴ መናኸሪያ ድረስ ሸኙኝ። ሻንጣዬን ራሷ ይዛ፣ እኔ ከገባሁ በኋላ አውቶቡሱን ዞረችው፤ ከመስኮት መስኮት እያየች፣ ከንፈሯ እየተንቀሳቀሰ፣ ተሳፋሪውን ቆጠረች። ረዳቱ «እትዬ፣ ሞልቷል እኮ፣ ምን ይፈልጋሉ?» ይላታል። ቆጥራ ስትጨርስ በመስኮቱ እጇን አስገብታ የኮቴን የላይኛውን አዝራር ቆለፈችልኝ።

«ደህና ሁኚ» አልኳት።

ራሷን ነቅነቅ አደረገች።

«በደህና ግባ!» አለኝ እሸቴ ከጀርባዋ ጮክ ብሎ። «እኔ በፈንታነሽ ፈንታ ነኝ፤ ሁለት ጊዜ እለዋለሁ። በደህና ግባ!»

አውቶቡሱ ተነስቶ ወደ ወረታ ቁልቁል እስኪታጠፍ ድረስ ሁለቱም ከቆሙበት አልተንቀሳቀሱም።